ከ«ለጋሲዮን» እስከ «ሆዳሙ እንሰት»፦ የላቲን ቅጥያዎች አመጣጥና እርባታ

ዛሬ በቋንቋ ትምህርት ሰዓታችን የምናነሣው የላቲን ቅጥያዎችን ነገር ነው። ከየት እንደ መጡ፣ እንዴትስ እንደሚረቡ አብረን እናያለን። ርእሱ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ቢሆንም አዲስ አበባ ላይ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» ብሎ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ሁሉ አንድ የላቲን ቅጥያ ከነእርባታው እየጠራ ነው። እንግዲያው ከዚያው እንነሣ።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። የላቲን ቃላትን የማነብላችሁ ጥንት ሮም ውስጥ ይነበቡ በነበሩበት አኳኋን ነው። ኋላ «ሲዮ»፣ «ሽን» እየተባለ የተለወጠውን «ቲዮ» እላለሁ፤ ኋላ «ቭ» የሆነውንም «ው» እላለሁ። እርሳስና ወረቀት አጠገባችሁ ካለ ቃላቱን ብትጽፏቸው ትምህርቱ ይበልጥ ይያዛል።

«ሌጋሬ» የላቲን ግስ ነው፤ ሰውን መልእክተኛ አድርጎ መላክ ማለት ነው። በግንዱ ላይ «ቲዮ» የተባለው ቅጥያ ሲጨመር «ሌጋቲዮ» ይሆናል፤ ይኸውም መልእክተኛነት ወይም ተልከው የሄዱት መልእክተኞች ማለት ነው። ፈረንሳዮች ቃሉን ወስደው «ሌጋሲዮን» አሉት፤ ከኤምባሲ በማዕረግ ዝቅ ያለ የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት መጠሪያም ሆነ። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ በዚያ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያለውን ሰፈር በዚሁ ስም ጠራው። ጣሊያኖችም «ሌጋዚዮኔ» ይላሉ።

አሁን ልብ በሉ። በላቲኑ «ሌጋቲዮ» መጨረሻ ላይ «ን» የለም። በፈረንሳይኛው አለ፣ በጣሊያንኛው አለ፣ በእኛም ሰፈር ስም ላይ አለ። ይህ «ን» ከየት መጣ?

መልሱን የምናገኘው እርባታው ውስጥ ነው። በላቲን አንድ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚሠራው ሥራ መልኩን ይለውጣል። ግዕዝ የተማራችሁ ይህ አይገርማችሁም፤ «ቤት» ተሳቢ ሲሆን «ቤተ» እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ላቲን ግን በዚህ ረገድ ከግዕዝ የበለጠ ብዙ መልክ አለው። ስሙ ባለቤት ሲሆን «ሌጋቲዮ» ይባላል። አገናዛቢ ሲሆን፣ ማለትም እኛ «የ» በምንልበት ቦታ፣ «ሌጋቲዮኒስ» ይሆናል። ተሳቢ ሲሆን «ሌጋቲዮኔም»፣ ብዙ ቁጥር ሲሆን «ሌጋቲዮኔስ» ነው። እንግዲህ የቅጥያው እውነተኛ መልክ «ቲዮን» ነበር ማለት ነው፤ «ን» የጠፋው በነጠላው የባለቤት መልክ ላይ ብቻ ነው። ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች፣ ጣሊያንኛም ፈረንሳይኛም ስፓኒሽም፣ ስሞቻቸውን የወረሱት በአብዛኛው ከተሳቢው መልክ ነው። ኋላ ከመጻሕፍት የተዋሷቸውን ቃላትም በዚያው ልክ ቀረጿቸው። ስለዚህ «ለጋሲዮን» ውስጥ ያለው «ን» የጥንቱ እርባታ የተወልን ቅርስ ነው።

«ቲዮ» የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው፤ ከግስ ላይ የድርጊት ስም ያወጣል። ከመናገር ንግግርን፣ ከመሥራት ሥራን እንደምናወጣው ዓይነት ነው። «ኦራቲዮ» ንግግር ነው፤ «አክቲዮ» ድርጊት ነው፤ «ናቲዮ» በመጀመሪያ መወለድ ማለት ነበር፣ ቀጥሎ በትውልድ የተሳሰረ ሕዝብ ማለት ሆነ። ዛሬ በአማርኛ ኮሚሽን፣ ፌዴሬሽን፣ ኮንስትራክሽን ስንል በእንግሊዝኛ በኩል የደረሰንን ይህንኑ ቅጥያ ነው የምንጠራው። ሐኪም ቤት የሄደ ሰው አንዱ «ኦፕራሲዮን» ሆንኩ ሲል ሌላው «ኦፕሬሽን» ይላል፤ የመጣበት መንገድ ቢለያይም ቃሉ አንድ ነው።

ቅጥያው ራሱ እንዴት ተወለደ? ከላቲን፣ ከግሪክና ከሳንስክሪት በፊት የነበረ፣ ማንም ያልጻፈው፣ ሊቃውንት ልጆቹን እያነጻጸሩ መልሰው ያቆሙት አንድ ጥንታዊ ቋንቋ አለ፤ የኢንዶ አውሮፓ ቋንቋዎች እናት እንለዋለን። ይህ ቋንቋ «ቲ» የሚል አጭር ቅጥያ ነበረው። በሳንስክሪት «ማቲ»፣ ሐሳብ፣ የሚለው ቃል በዚህ ቅጥያ የተሠራ ነው። በላቲን ደግሞ ሞት «ሞርስ» ይባላል፤ አገናዛቢው «ሞርቲስ» ነው። ልብ ወይም አእምሮ «ሜንስ» ይባላል፤ አገናዛቢው «ሜንቲስ» ነው። በባለቤቱ መልክ ላይ «ቲ» ተውጦ ጠፍቷል፤ አገናዛቢው ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅጥያው በዚህ መልኩ እየሳሳ ስለ ሄደ የላቲን ተናጋሪዎች ሌላ ቅጥያ ደረቡለት፤ «ቲ» ላይ «ኦን» ተጨምሮ «ቲዮን» ሆነ። ዛሬ አንድ የሚመስለን ቅጥያ ሁለት ተደራርበው ነው። «ሜንስ» የሚለውን ቃል ግን ያዙልኝ፤ ዕጣው የሚያስደንቅ ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

እስካሁን ቃል በቅጥያ ሲመሠረትም፣ የተመሠረተው ቃል ሲረባም አየን። ይህን የቃል ምሥረታና የቃል እርባታ ልዩነት በላቲን ጉዳይ ላይ ተጽፈው ከደረሱን ሥራዎች ሁሉ አጥርቶ ያስቀመጠው ማርቆስ ቴሬንቲዩስ ዋሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ116 እስከ 27 የኖረ ሮማዊ ሊቅ ነው። ስለ ላቲን ቋንቋ 25 መጻሕፍት ጽፎ ለእኛ የደረሱት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ክፍተት አለባቸው። ዋሮ ነገሩን በምሳሌ ያስረዳል። ሦስት ሰዎች ኤፌሶን ወርደው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ባሪያ ገዙ። አንደኛው ባሪያውን በሻጩ በአርቴሚዶሮስ ስም «አርቴማስ» አለው። ሁለተኛው በአገሩ በኢዮንያ «ኢዮን» ብሎ ጠራው። ሦስተኛው በከተማዪቱ ስም «ኤፌሲዩስ» አለው። ስም ማውጣቱ በሰው ፈቃድ የሚሆን ነገር ነውና ሦስቱ ሦስት ዓይነት አወጡ። ስሙ ከወጣ በኋላ ግን ማንም እንደ ፈቃዱ አያረባውም፤ ሁሉም የቋንቋውን ሕግ ተከትሎ አንድ ዓይነት ያረባዋል። ዋሮ የመጀመሪያውን ፈቃዳዊ፣ ሁለተኛውን ተፈጥሯዊ ይለዋል። ሰው ስሙን እንኳ ከገዢው እጅ ይቀበል የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ አሳዛኝ ምሳሌ ነው፤ የሰዋስው ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

እኔ በዋሮ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ የዛሬው ትምህርታችን ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። በላቲን ቅጥያ ሲመረጥ ጾታና እርባታ አብረው ይመረጣሉ። የቃሉን ግንድ አታውቁትም እንበል፤ ቅጥያውን ካወቃችሁ ግን ቃሉ ተባዕታይ ይሁን አንስታይ ወይም ግዑዝ፣ በየትኛው የእርባታ ምድብ እንደሚገባ ወዲያው ታውቃላችሁ። «ቲዮ» ያለበት የድርጊት ስም ሁሉ አንስታይ ነው። «ሜንቱም» ያለበት ሁሉ ግዑዝ ነው፤ «ዶኩሜንቱም» አገናዛቢው «ዶኩሜንቲ» ነው። «ታስ» የሚለው የእኛን «ነት» የሚመስል ቅጥያ ሁልጊዜ አንስታይ ነው። «ኡኑስ» አንድ ነው፣ «ኡኒታስ» አንድነት። «ኡኒዌርሲታስ» ጠቅላላነት ማለት ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን የመምህራንና የተማሪዎች ማኅበር ስም ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የምንለውን ቃል ወለደ። የዚህም አገናዛቢ «ኡኒዌርሲታቲስ» ስለሆነ የቅጥያው ሙሉ መልክ «ታት» መሆኑን እናያለን።

አድራጊውን ሰው የሚሰይመው «ቶር» ነው። «ዶኬሬ» ማስተማር፣ «ዶክቶር» አስተማሪ፤ አገናዛቢው «ዶክቶሪስ»። ዶክተር፣ ዳይሬክተር፣ ትራክተር፣ ሞተር ሁሉም የዚህ ቅጥያ ልጆች ናቸው። ፕሮፌሰርም ያው ነው፤ በዚያ ቃል ላይ ሁለት «ት» ድምፆች ተጋጭተው «ስ» ስለሆኑ መልኩ ተለወጠ እንጂ። ቅጥያው ጥንታዊ ነው፤ ሰጪ በላቲን «ዳቶር»፣ በግሪክ «ዶቴር»፣ በሳንስክሪት «ዳታር» ይባላል። ሴቷን ለመጥራት «ቶር» ወደ «ትር» ያጥርና «ትሪክስ» ይወጣል፤ አሸናፊው «ዊክቶር»፣ አሸናፊዋ «ዊክትሪክስ»። ጣሊያኖች ተዋናይዋን «አትሪቼ» የሚሉት ከዚሁ ከተሳቢው መልክ ነው።

መርካቶንም አልዘልም። ስሙን ያወጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ የላቲኑ ቃል «ሜርካቱስ» ነው፤ መነገድ፣ ገበያ ማለት ነው። «ሜርካሪ» ከሚለው ግስ በ«ቱስ» ቅጥያ ወጣ። ይህ ቅጥያ እንደ «ቲዮ» የድርጊት ስም ያወጣል፤ ግን ተባዕታይ ነው፣ ምድቡም ሌላ ነው፤ አገናዛቢው ላይ «ኡ»ን አስረዝሞ «ሜርካቱስ» ይላል። ሴናቱስ፣ ማለትም የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በዚሁ መንገድ ይረባል። ተሳቢው «ሜርካቱም» ነበር፤ መጨረሻው «ም» ወደቀ፣ «ኡ» ወደ «ኦ» ዞረ፣ «ሜርካቶ» ተባለ።

ሚኒስትር የሚለው ቃልም የሚናገረው አለው። «ሚኑስ» ማለት ያነሰ ነው፤ «ማጊስ» ማለት የበለጠ ነው። በሁለቱ ላይ ማወዳደሪያው «ቴር» ተጨመረና «ሚኒስቴር» ታናሽ፣ አገልጋይ፣ «ማጊስቴር» ታላቅ፣ አለቃ፣ መምህር ሆኑ። ሹም አገልጋይ መሆኑን ቅጥያው ራሱ ይመሰክራል፤ ይህ ቢታወስ መልካም ነው። እርባታው ላይ ደግሞ «ሚኒስቴር» ሲል የነበረው «ቴ» ይሳሳና «ሚኒስትሪ»፣ «ሚኒስትሩም» ይሆናል። እኛ በፈረንሳይኛ በኩል «ሚኒስትር» ያልነው የሳሳውን መልክ ወርሰን ነው።

አሁን ወደ አንድ ድምፅ ታሪክ እንለፍ። ኮርፖሬሽን የሚለው ቃል «ኮርፑስ»፣ አካል፣ ከሚለው የላቲን ስም ይወለዳል። ታዲያ «ኮርፑስ» ላይ የነበረው «ስ» የት ሄዶ ነው በኮርፖሬሽን ላይ «ር» የምንለው? እዚህም እርባታው ይመልስልናል። «ኮርፑስ» አገናዛቢው «ኮርፖሪስ» ነው። «ኦፑስ»፣ ሥራ፣ አገናዛቢው «ኦፔሪስ» ነው፤ ኦፕራሲዮን የመጣውም ከዚህ ነው። «ጌኑስ»፣ ዘር፣ አገናዛቢው «ጌኔሪስ» ነው። ከጥንቱ እናት ቋንቋ የመጣው ቅጥያ «ኦስ» እና «ኤስ» እያለ የሚፈራረቅ ነበር። በላቲን በሁለት አናባቢ መካከል የገባ «ስ» ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ «ር» ተለወጠ፤ ጠርዝ ላይ ያለው ግን እንደነበረ ቀረ። ለውጡ የተፈጸመበትን ዘመን እንኳ በግምት እናውቀዋለን። ሮማዊው ጸሐፊ ኪኬሮ በጻፈው ደብዳቤ «ፓፒሲዩስ» የሚለውን የቤተሰብ ስም ትቶ «ፓፒሪዩስ» መባል የጀመረው ሉኪዩስ ፓፒሪዩስ ክራሱስ እንደሆነ ይናገራል፤ ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ340 ገደማ በሮም ዲክታቶር ሆኖ የተሾመ ነው።

ከዚህ የሚደንቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። ክብር በጥንቱ ላቲን «ሆኖስ» ነበር፤ አገናዛቢው «ሆኖሪስ»፣ ተሳቢው «ሆኖሬም»። በሁሉም መልክ «ር» ነግሦ ባለቤቱ ብቻውን «ስ» ይዞ ቀረ። ብዙኃኑ አንዱን ሳቡትና ባለቤቱም «ሆኖር» ሆነ። ግዑዞቹ እነ «ኮርፑስ» ግን አልተሳቡም፤ «ስ»ን ይዘው ቀሩ። ስለዚህ እርባታ ቅጥያውን ይለውጠዋል፤ «ኦር» የሚለው የላቲን ቅጥያ በዚህ መንገድ የተወለደ ነው።

ቅጥያ የሚወለድበት ሌላም መንገድ አለ፤ ራሱን ችሎ ይቆም የነበረ ቃል ከጎረቤቱ ጋር እየተጣበቀ ሲሄድ። «ያዙልኝ» ያልኳችሁ «ሜንስ» እዚህ ላይ ይመጣል። በላቲን «በ» የምንልበት ቦታ ላይ ስሙ «ሜንቴ» ይሆናል፤ በልብ፣ በሐሳብ ማለት ነው። «ክላራ ሜንቴ» ማለት በጠራ ልብ ነበር፤ እኛ በቅን ልቦና፣ በሙሉ ልብ እንደምንለው። ሰዎች ይህን አባባል እየደጋገሙ ሲሄዱ ልብ የሚለው ትርጉም ደበዘዘና «ሜንቴ» የአኳኋን ምልክት ብቻ ሆነ። ዛሬ ጣሊያናዊው «ኪያራሜንቴ»፣ ስፔናዊው «ክላራሜንቴ»፣ ፈረንሳዊው «ክሌርማን» ሲል በግልጽ ማለቱ ነው፤ ልብ የሚባል ነገር በሐሳቡ የለም።

ቃሉ ግን ጥንት ምን እንደነበር የሚያስረዳ ምልክት ትቶልናል። ጣሊያንኛ ውስጥ ግልጽ የሚለው ቅጽል ለተባዕታይ «ኪያሮ»፣ ለአንስታይ «ኪያራ» ነው። በ«ኪያራሜንቴ» ውስጥ ያለው አንስታዩ ነው። ለምን? «ሜንስ» አንስታይ ስለነበር። እርሱስ ለምን አንስታይ ሆነ? በ«ቲ» የሚመሠረቱ የድርጊት ስሞች አንስታይ ስለሆኑ። እንግዲህ በጥንቱ እናት ቋንቋ የተጨመረ አንድ ትንሽ ቅጥያ በሚላኖ ጎዳና ዛሬ የሚነገረውን ቅጽል ጾታ ይወስናል። በስፓኒሽ ደግሞ ሁለት እንዲህ ያሉ ቃላት ሲከተሉ «ሌንታ ይ ክላራሜንቴ» ይባላል፤ በዝግታና በግልጽ። «ሜንቴ» አንዴ ብቻ በመጨረሻ ይነገርና ለሁለቱም ያገለግላል። ለብቻው ይቆም የነበረ ቃል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

በግስ ላይም እንዲሁ ሆኗል። የኋለኛው ዘመን የላቲን ተናጋሪ እዘፍናለሁ ለማለት «ካንታሬ ሃቤዮ» ይል ጀመር፤ ቃል በቃል ሲፈታ መዝፈን አለኝ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው በጣሊያንኛ «ካንቴሮ»፣ በስፓኒሽ «ካንታሬ» ሆኑ። መጣበቁን በጽሑፍ የሚያሳይ አሮጌ ምስክር በ7ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የፍሬዴጋር ዜና መዋዕል ውስጥ ይገኛል። ተማርኮ የቀረበ የፋርስ ንጉሥ የወሰዳቸውን ግዛቶች አልሰጥም ሲል ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያን «ዳራስ»፣ ትሰጣለህ፣ ብሎ መለሰለትና ዳራ የተባለችው ከተማ ስሟን ከዚህ አገኘች ይላል። ስለ ከተማዪቱ ስም የተነገረው ተረት ነው፤ «ዳራስ» የሚለው ግስ ግን «ዳሬ» እና «ሃቤስ» ተጣብቀው የወጣ እውነተኛ የዘመኑ ንግግር ነው።

ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። «ይመጣል» ስንል «ይመጣ» እና «አለ» ተጣብቀው ነው። ማስረጃውም በእጃችን ነው፤ «አይመጣም»፣ «ሲመጣ»፣ «ቢመጣ» ስንል «አል» የለም። ጥንታዊው ላቲን ደግሞ «አማባም» ሲል እወድ ነበር ማለቱ ነው። «ባም» የሚለው መድረሻ መሆን የሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ ግስ እንደ መጣ ይታመናል። ጀርመናዊው ፍራንዝ ቦፕ እ.ኤ.አ. በ1816 የሳንስክሪትን፣ የግሪክን፣ የላቲንን፣ የፋርስንና የጀርመንን ግሶች እያነጻጸረ ሲያጠና ይህን መንገድ ከፈተ። እኛ «እወድ ነበር» ብለን እስከ ዛሬ ለይተን የምንጽፈውን የላቲን ተናጋሪዎች ከጽሑፍ ዘመን በፊት አጣብቀውት ነበር።

በቀረን ጊዜ የላቲን ቅጥያና እርባታ የኢትዮጵያን ስሞች እንዴት እንደያዙ እንይ። ሂዮብ ሉዶልፍ፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ወዳጅና ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። መጽሐፉ በላቲን ነው የተጻፈው፤ ርእሱም «ግራማቲካ ሊንጓይ አምሃሪካይ» ይላል፤ የአማርኛ ቋንቋ ሰዋስው ማለት ነው። አማራ በሚለው ስም ላይ «ኢኩስ» የሚል የላቲን ቅጥያ ተጨመረ፤ እኛ «ዊ» ወይም «ኛ» በምንልበት ቦታ የሚገባ ነው። ቋንቋ፣ «ሊንጓ»፣ አንስታይ ስለሆነ «ኢካ» ሆነ፤ አገናዛቢ ስለሆነ ደግሞ «ኢካይ» ተባለ። የቋንቋችን ስም በላቲን ሕግ ተረብቶ የታተመው እንዲህ ነው።

«ኤንሲስ» የሚለው ቅጥያ ደግሞ የቦታ መለያ ነው። ቀይ ቀበሮ በሳይንስ ስሙ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ይባላል፤ የሰሜን ተራሮች ቀበሮ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከነወገኖቿ በ1978 «አውስትራሎፒቴኩስ አፋሬንሲስ» ተብላለች፤ የአፋር ምድር ማለት ነው። ይህ ቅጥያ ለተባዕታይና ለአንስታይ አንድ ነው፤ ለግዑዝ ግን «ኤንሴ» ይሆናል። በሶርያዪቱ ሐለብ ስም የሚጠራው የጥድ ዓይነት «ፒኑስ ሃሌፔንሲስ» ሲባል፣ በዚያችው ከተማ ስም የሚጠራው የማሽላ ዘመድ ሣር «ሶርግሁም ሃሌፔንሴ» የተባለው «ሶርግሁም» ግዑዝ ስለሆነ ነው።

እንሰት ግን ሁሉንም ያስንቃል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እንሰትን አይቶና ሥሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1791 ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ከሙዝ ወገን ቆጥሮ «ሙሳ ኤንሴቴ» አለው። በ1859 ቬልቪች የተባለ የእጽዋት ሊቅ አንጎላ ውስጥ ያገኘውን ተክል «ሙሳ ዌንትሪኮሳ» ብሎ ሰየመ። «ዌንቴር» ሆድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ኦሱስ» በአማርኛ «ኣም» ወይም «ኣማ» እንደምንለው ብዛትንና ሙላትን ያሳያል። ተራራማ በላቲን «ሞንቱኦሱስ» ነው። «ዌንትሪኮሱስ» እንግዲህ ሆዳም ማለት ነው፤ ስግብግብ ለማለት ሳይሆን የግንዱ ሥር ያበጠ፣ የተነፋ ስለሆነ ነው። «ሙሳ» አንስታይ ስለሆነች «ዌንትሪኮሳ»፣ ሆዳሚቱ ሙዝ፣ ተባለ።

ኋላ ሁለቱ አንድ ተክል መሆናቸው ታወቀ፤ እንሰትም ከሙዝ የተለየ የራሱ ወገን እንዳለው ተረጋገጠ። ሆራኒኖቭ የተባለ ሊቅ በ1862 የፈጠረውን «ኤንሴቴ» የሚለውን የወገን ስም በ1940ዎቹ ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ የእጽዋት ሊቅ መልሶ አቆመው። «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» እንዳይባል የእጽዋት አሰያየም ሕግ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ መድገምን ይከለክላል። ስለዚህ የቬልቪች ቃል ተወሰደ። «ኤንሴቴ» ግን ግዑዝ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ «ዌንትሪኮሳ» የነበረው «ዌንትሪኮሱም» ሆነ። ተክሉ አልተለወጠም፤ የጎረቤቱ ጾታ ስለተለወጠ ብቻ ቅጥያው ጫፉን ለወጠ። የሙታን ቋንቋ ነው የሚባለው ላቲን በ20ኛው መቶ ዘመን እንደዚህ ይረባ ነበር፤ ዛሬም አዲስ ስም በወጣ ቁጥር ይረባል።

ለሳምንቱ አንድ መልመጃ ልስጣችሁ። የኮሶ ዛፍ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ»፣ ኑግ «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ይባላሉ። ሁለቱም የወገን ስሞች አንስታይ ናቸው። ግዑዝ ቢሆኑ ኖሮ ቅጽሉ እንዴት ይጨርስ ነበር? «አቢሲኒኩም» ያላችሁ ትምህርቱ ገብቷችኋል። የእጽዋት፣ የሕክምና፣ የሕግና የነገረ መለኮት ተማሪዎች የሆናችሁ አድማጮቻችን ደግሞ አደራ እላችኋለሁ፤ አንድ የላቲን ስም ስታጠኑ ባለቤቱን ብቻ አትያዙ፤ አገናዛቢውንና ጾታውን ጨምራችሁ ያዙ። «ኮርፑስ» ብላችሁ አታቁሙ፤ «ኮርፑስ፣ ኮርፖሪስ፣ ግዑዝ» በሉ።